ጣናን በብስክሌት፦ ሙሉው ዙር፣ የምሥራቁ መንገድ ወይስ ዘጌና ጢስ ዓባይ?

ባሕር ዳር ብስክሌት የሚያውቅ ከተማ ነው። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ ፋብሪካ፣ ዶሮ ነጋዴው ዶሮዎቹን መሪው ላይ አንጠልጥሎ ወደ ገበያ የሚሄደው በብስክሌት ነው። እንዲህ ባለ ከተማ «አንድ ጊዜ ሐይቁን ዞረን ብንመጣስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ካርታው ላይም ነገሩ ቀላል ነው፤ ጣና ክብ፣ መንገዱም ክብ፣ በአንዱ በኩል ወጥቶ በሌላው መግባት።

እኔ ግን ሙሉውን ዙር ለአብዛኛው ሰው አልመክርም። ምክንያቴ ርቀቱ ብቻ አይደለም። ጣናን የሚዞረው መንገድ የሐይቅ ዳር መንገድ አይደለም። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ባለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ላይ ውኃው የሚታይባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ የተኛ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው ዝቅ ያለና ረግረግ ስለሚበዛው ርብና ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ይተኙበታል። መንገዱን የቀየሱት ሰዎች ከዚህ ውኃ ሸሽተው ወደ ኮረብታው ግርጌ ቢጠጉ አይፈረድባቸውም። ብስክሌተኛው ግን በግራው ሐይቅ እያየ የሚነዳ መስሎት የወጣ እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የሩዝ ማሳ ነው።

ስለዚህ «በስንት ቀን ይዞራል?» ከማለት በፊት «ምን ለማየት ነው የምወጣው?» ማለት ይሻላል። ቤተ መንግሥትና ፍርስራሽ ለሚል የምሥራቁ መንገድ አለ። ሐይቁን፣ ደኑንና ገዳማቱን ለሚል ዘጌ አለ፤ ጢስ ዓባይንም ይጨምርበታል። እግሩን ለመፈተን የሚወጣ ደግሞ ሙሉውን ዙር ይያዝ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የጸጥታው ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ ትናንት ሰላም የነበረው ቦታ ዛሬ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። እዚህ የተጻፈው በሙሉ መንገዱ ሰላም ሲሆን ለሚደረግ ጉዞ ነው። የሚቀጥለውን ከተማ ሁኔታ ለማወቅ ከዚያው የመጣን ሾፌር የሚያህል የለም፤ ማለዳ መናኸሪያ ጎራ ብሎ መጠየቅ ነው። ሚኒባስ ባልወጣበት ቀን ብስክሌትም አይውጣ።

ሙሉው ዙር

መስመሩ እንዲህ ነው፦ ከባሕር ዳር በሐሙሲት ወደ ወረታ፣ ከዚያ አዲስ ዘመን፣ እንፍራንዝ፣ ማክሰኚት፣ አዘዞ። ከአዘዞ በቆላ ድባና በጭዋሂት በኩል ወደ ደምቢያ ሜዳ መውረድ፤ ከዚያ በደልጊና በሻሁራ አቅጣጫ ወደ ቁንዝላ፤ ከቁንዝላ ወደ ዱርቤቴ፤ በመጨረሻ በወተት ዓባይና በመራዊ በኩል ተመልሶ ባሕር ዳር መግባት። ጎንደርንና ጎርጎራን ጨምሮ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የለመደ ሰው እንኳ አንድ ሳምንት ቢመድብለት አይበዛበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደቡብ ምዕራቡ ጥግ ላይ ነው። ካርታ ያየ ሁሉ ከዘጌ በቀጥታ ዳርዳሩን ይዞ ቁንዝላ የሚገባ ይመስለዋል። በመካከል ግን ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ግልገል ዓባይ ደለሉን ዘርግቶ ተኝቷል። ዋናው መሻገሪያ ወተት ዓባይ ላይ ያለው ድልድይ ነው፤ ይህ ማለት ከሐይቁ ርቆ ወደ ደቡብ መውረድና ከአዲስ አበባው አውራ ጎዳና የጭነት መኪኖች ጋር አስፋልት መጋራት ነው።

የምዕራቡ ወገን ሌላ ባሕርይ አለው። ከተሞቹ ተራርቀዋል፤ በብዙ ቦታ ጠጠርና አፈር ነው፤ አልጋ ሲገኝም ቀላል አልጋ ነው። ታሪካዊ ቅርስ የሚፈልግ ሰው እዚህ ብዙ አይጠብቅ። የሚታየው የዘመናችን ሥራ ነው፤ ቁንዝላ አካባቢ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ የሚያሻግረው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ፤ መራዊ ዘንድ ደግሞ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ። በሌላ በኩል ጸጥታ የሚወድ፣ መኪና የሰለቸው ሰው የሚደሰተው እዚሁ ነው። ሕፃናት ከኋላ እየሮጡ «አይዞህ! በርታ!» ይላሉ፤ ውሾቹ ግን እንደ ሕፃናቱ አይደሉም፤ ከብስክሌት ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ በእግር ማለፍ የተፈተነ ዘዴ ነው።

ሙሉውን ዙር የቆረጠ ሰው በምሥራቅ ጀምሮ በምዕራብ ይጨርስ እላለሁ። ጎማና ፍሬን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉዳቱን ያሳያል፤ ያን ጊዜ ጎሚስታና መለዋወጫ ያለባቸው ከተሞች አጠገብ መሆን ይሻላል። ጠጠሩ ላይ ሲደረስ እግርም ብስክሌትም ተላምደዋል።

የምሥራቁ መንገድ

ሦስት ወይም አራት ቀን ያለው ሰው ይህን ይምረጥ። በእኔ ግምት ከሦስቱ አማራጮች ለድካሙ ካሳ የሚከፍለው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ነገሥታት ከድንኳን ከተማ ወደ ድንጋይ ቤተ መንግሥት የተሻገሩበትን ዘመን ደረጃ በደረጃ እየረገጡ የሚሄዱበት መንገድ ነው።

መነሻው ከተማው ውስጥ ነው። የባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ፔድሮ ፓኤዝ እንደሠራው የሚነገርለት አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ፓኤዝ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፏል፤ በ1622 የሞተው ይህ መንገድ በሚያደርሰን በጎርጎራ ነው። ከዚያ በኋላ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ይመጣል፤ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት ያለውና ለብስክሌት የተለየ መስመር የተሰጠው። በጠዋት ከባጃጁ ግርግር በፊት የተሻገረው ሰው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለውን የዓፄ ኃይለ ሥላሴን ቤተ መንግሥት ከነዛፎቹ ቀና ብሎ ያያል።

ከባሕር ዳር በዘንዘልማ በኩል እስከ ወረታ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብዙ አያስቸግርም። ከሐሙሲት ወዲያ ፎገራ ይዘረጋል፤ መስከረም ላይ አረንጓዴ፣ ኅዳር ላይ የሩዝ አጨዳ የሚደርስበት ሜዳ። ሜዳ ነው ተብሎ ግን አይናቅም። ጠዋት ጸጥ ያለው አየር ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ከለላ የለም፤ ፔዳሉ በሜዳ ላይ አቀበት ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ እስከ 5 ሰዓት አብዛኛውን መጨረስ ከሁሉ ይሻላል። በገበያ ቀን ደግሞ መንገዱ የአህያና የከብት ነው፤ ደወል የሚሰማ አህያ የለም፤ ቀስ ብሎ ማለፍ ብቻ። ምሳ ወረታ፣ አዳር አዲስ ዘመን ቢሆን ከባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወረታ ለማደር የመረጠ ሰው አጎበር አይርሳ፤ ፎገራ ከክረምት ማግሥት የወባ አገር ነው።

ሁለተኛው ቀን ጉዛራን ይዞ ይመጣል። ከአዲስ ዘመን በኋላ ሽቅቡ ይጀምራል፤ ወደ እንፍራንዝ ሲቃረቡ ኮረብታው ራስ ላይ ግንቡ ከመንገዱ ይታያል። የዓፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563–1597) ቤተ መንግሥት እንደነበረ ይታመናል። ጎንደርን አስቀድሞ ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ «ይህን የት ነው የማውቀው?» ማለቱ አይቀርም፤ ባለ ፎቁ የድንጋይና የኖራ ግንብ፣ በማዕዘኑ የቆመው ክብ ማማ፣ ቅስት መስኮቱ። ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት ነው ይህ ሁሉ እዚህ የነበረው። ብስክሌቱን ከታች ለሚጠብቅ ሰው ሰጥቶ በእግር መውጣት ይሻላል። ከግንቡ አጠገብ ቆሞ ወደ ምዕራብ ሲያዩ መንገዱ ቀኑን ሙሉ የደበቀው ሐይቅ ከሜዳው ባሻገር ተንጣሎ ይገኛል። ነገሥታቱ ለምን ይህን ቦታ እንደመረጡ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም፤ ሜዳው እህል ነው፣ ሐይቁ ዓሣና መሸሸጊያ ደሴት ነው፣ ኮረብታው ደግሞ ከወባው በላይ ነው።

ወደ ሐይቁ ጠርዝ ወርዶ ማየት የሚፈልግ ካለ በዚህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተስፋፋውን እምቦጭ ያገኛል። አበባው ሐምራዊና ውብ ነው። ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ስለ ውበቱ ምን እንደሚሉ ግን መጠየቅ አያስፈልግም።

ማክሰኚትን አልፎ አዘዞ ሲደረስ እውነተኛው ምርጫ ይመጣል፤ ጎንደር ወይስ ጎርጎራ መጀመሪያ? ከአዘዞ ጎንደር ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ሽቅብ ነው፤ ከተማው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለው። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በደምቢያ ሜዳ ቁልቁል ነው። የታሪኩን ቅደም ተከተል መከተል ለሚወድ ሰው ጎርጎራ ይቅደም። ዓፄ ሱስንዮስ ከቤተ መንግሥታቸው አንዱን የሠሩት፣ ኢየሱሳውያኑም የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ያነጹት በዚህ ዳርቻ ነው። ማርያም ግምብ የሚባለው ፍርስራሽ ዛሬ አብዛኛው ወድቋል፤ የቀረው ጥርብ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው አበባና ሐረግ ግን ከኢትዮጵያ ሌላ ሕንፃ ጋር እንዳይመሳሰል ሆኖ ይታያል። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም ሚስዮናውያኑን አስወጥቶ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። ጎርጎራን አይቶ በማግሥቱ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው ይህን ታሪክ በእግሩ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

በጀልባ ለመመለስ ያሰበ ግን ተቃራኒውን ያድርግ፤ ጎንደር አድሮ፣ የፋሲል ግቢን፣ የፋሲል መዋኛንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቶ ወደ ጎርጎራ ይውረድ። የሐይቁ ማጓጓዣ እንደ አውቶቡስ በየቀኑ የሚጠበቅ ስላልሆነ ቀኑን ከባሕር ዳር ሳይነሡ ማረጋገጥና ቀሪውን ጉዞ በዚያ ልክ መስፋት ያስፈልጋል። ቀኑ ካልገጠመ ወደ ጎንደር ተመልሶ ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ማሰር ነው። በጎርጎራ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት ኪሱ ለሚፈቅድለት አለ፤ ለሌላው በከተማዋ ቀለል ያለ አልጋ ይገኛል። በሥዕሎቿ የታወቀችው ደብረ ሲና ማርያም ቅርብ ስለሆነች ያደረ ሰው ሳያያት እንዳይሄድ።

ስለ ደምቢያ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አፈሩ ዋልካ ነው። ዝናብ በነካው ዋልካ ላይ ከአስፋልት የወጣ ብስክሌት ሃምሳ ሜትር አይሄድም፤ ጭቃው ጎማውንና ፓራፋንጎውን አጣብቆ ይይዝና ጎማው መዞሩን ያቆማል፤ በእንጨት እየፋቁ፣ ጥቂት እየገፉ፣ ደግሞ እየፋቁ መሄድ ነው። በዝናብ ጊዜ የመንደር አቋራጭ ያሳየ ሰው ወዳጅ አይደለም።

ዘጌና ጢስ ዓባይ

ሁለት ቀን ብቻ ያለው፣ ከልጆቹ ጋር የሚሄድ ወይም ረጅም ርቀት ነድቶ የማያውቅ ሰው ባሕር ዳር አድሮ እነዚህን ሁለቱን በየተራ ይያዝ። ሻንጣ መጫን የለም፤ ማታ የተጠበሰ ቆሮሶ በልቶ በራስ አልጋ መተኛት ነው።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓባይን ወራጅ ተከትሎ ስለሚሄድ መሄዱ ይቀላል፤ መመለሱ ቀስ እያለ ሽቅብ ነው፤ ጉልበትን ለመልሱ ማስቀረት ያስፈልጋል። ብስክሌቱ መንደሩ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። በሱስንዮስ ዘመን የተሠራው አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ከፏፏቴው በፊት ይመጣል፤ ብዙ ጎብኚ ለፏፏቴው ሲጣደፍ ድልድዩን እንደ ተራ መሻገሪያ ረግጦት ያልፋል። ፏፏቴው ራሱ እንደ ወቅቱ ነው። ብዙው ውኃ ወደ ማመንጫ ጣቢያው ስለሚሄድ በበጋ የሚመጣ ሰው በፎቶግራፍ ያየውን አያገኝም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የሄደ ጢሱንም ድምፁንም ያገኛል።

ዘጌ ሌላ ነገር ነው። ከሦስቱም አማራጮች ብስክሌትና ሐይቅ በእውነት የሚገናኙበት እርሱ ብቻ ነው። በአፋፍ ከተማ በኩል ወደ ባሕረ ገቡ መሬት ይገባል። በገዳሙ ወግ መሠረት መሬቱ ስለማይታረስ ደኑ እስከ ዛሬ አለ፤ በደኑ ሥር ቡና። መንገዱ ከአፋፍ ወዲያ ሲጠብ የዛፍ ሥሮች እንደ ደረጃ ይሻገሩታል፤ ቡና በሚለቀምበት ወር ደጃፉ ሁሉ ሰሌን ተዘርግቶ ቀይ ፍሬ ይሰጣበታል፤ እዚህ ላይ ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ጨዋነት ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። የዑራ መቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ለማየት አንገት እስኪያመን ቀና ማለት ነው። በጉዞው ውስጥ ሴቶች ካሉ ዘጌን የሚያስመርጠው ሌላም ምክንያት አለ፤ ዑራ ለሁሉም ክፍት ነው። የደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት አያስገቡም። ለክብራን ጎረቤት የሆነችው እንጦስ ኢየሱስና እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ሴቶችን ያስገባሉ።

በአጭር የብስክሌት ሱሪ ወደ ገዳም መግባት አይቻልም። ረጅም ሱሪና ነጠላ ከዕቃው ሁሉ በላይ ይቀመጥ፤ በር ላይ ሻንጣ መበርበር እንዳይመጣ። ለመግቢያና ለብስክሌት ጠባቂ ዝርዝር ብር መያዝም እንዲሁ።

ወቅቱና ብስክሌቱ

ለሦስቱም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ለሜዳው መንገድ አይሆኑም፤ ከየካቲት ወዲያ አቧራውና ሙቀቱ ይበዛል። ጥር 11 ጎንደር ለመድረስ ያሰበ አልጋውን ከወራት በፊት ይያዝ። ሙቀቱ ሐይቁ ውስጥ ዘልለው እንዲገቡ ቢገፋፋም ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ በሆቴል ውኃ መታጠብ ይበቃል።

ብስክሌትን በተመለከተ ከተማ ውስጥ የምንነዳው ከባዱ ባለ አንድ ማርሽ ለዘጌ ይበቃል፤ ለእንፍራንዝ አቀበት ግን ቅጣት ነው። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት በአስፋልቱ ላይ ይበራል፤ ከአስፋልቱ በወረደ ቁጥር ጎሚስታ ይፈልጋል። ሰፊ ጎማ ያለውና ማርሽ የሚቀይረው የተራራ ብስክሌት ለሦስቱም ይሆናል፤ በተለይ 26 ኢንች ከሆነ፣ የውስጥ ጎማው በየከተማው ገበያ ከሌላው ይልቅ ይገኛል። የሚከራይ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደፊት ይግፋ፤ ጎማው ከተሽከረከረ ሌላ ያምጡለት። ካቴናውን በጣቱ ወደ ላይ ያንሣው፤ ከጥርሱ ርቆ ከተነሣ አልቋል። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያና አንድ ትርፍ የፍሬን ሽቦ ይያዝ። ለስንቅ በሶን የሚበልጥ አላገኘሁም፤ በማር በጥብጦ ጠርሙስ ውስጥ ማድረግ፣ ከጎኑ ቆሎና ሙዝ።

በጀልባ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ መሄዱን በብስክሌት፣ መመለሱን በጀልባ ማድረግ ለብዙዎች ይስማማል። መሪውን ፈትቶ ወደ ጎን ማዞር፣ ፔዳሎቹን ማውለቅ፣ ካቴናው የተሳፋሪ ልብስ እንዳይነካ በጨርቅ መጠቅለል፣ ከዚያ ጎኑን አስተኝቶ በገመድ ማሰር። ከሰዓት በኋላ ማዕበል ስለሚነሣ ከእኩለ ቀን በፊት መሳፈር ይሻላል። ዋጋው የሚቆረጠው ወደብ ላይ ቆሞ፣ ብስክሌቱ ተቆጥሮ ነው፤ ጀልባው ከተነሣ በኋላ ብስክሌት ሁልጊዜ ተጨማሪ ሰው ይሆናል።